«መድኃኒቱን ለመደው»፦ ስለ ስንዴ ክሽክሽ እና ስለ መቋቋም ነገር

የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ የገባበትን ቡቃያ ከሩቅ ያየ ሰው ውሃ የጠማው ይመስለዋል። ቅጠሉ ርዝመቱን ይዞ እንደ ቱቦ ተጠቅልሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ነጭና ቢጫ፣ ብርድ ሲሆን ደግሞ ወይን ጠጅ መስመር ይወርድበታል። ጥቅሉን በአውራ ጣት ጥፍር ሲገልጡት ነው ጉዱ የሚታየው። ከሰሊጥ ፍሬ የሚያንሱ፣ ሞላላ፣ አረንጓዴ፣ ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ነፍሳት መምጠጫቸውን ቅጠሉ ውስጥ ሰክተው ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በመካከላቸው የገፈፉት ነጫጭ ቆዳና የሚያጣብቅ ጠብታ አለ። ትናንት የተረጨው መድኃኒት የቅጠሉን ጀርባ አርሶ ወርዷል፤ የጥቅሉ ውስጥ ግን አልነካውም።

እንዲህ ያለ ማሳ ዳር ቆሞ «መድኃኒቱን ለመደው» የሚል ገበሬ ብዙ ነው። የእርሻ ባለሙያውም፣ መድኃኒት ሻጩም ይህንኑ ይላሉ፤ እኔም ለዓመታት ብዬዋለሁ። ዛሬ ግን ቃሉ ያሳስበኛል። ለመደው ካልን መፍትሔው ወዲያው የታወቀ ይመስላል፦ መጠኑን ጨምሮ ደጋግሞ መርጨት። ክሽክሽን የሚያጠኑ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ያከማቹት እውቀት ሲገለጥ ግን በዚህ አንድ ቃል ሥር እርስ በርስ የማይገናኙ ብዙ ነገሮች ተጠቅልለው እናገኛለን። አንዱን በሌላው ስም ማከም ነው ብዙ አገር ያከሰረው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ፍጥረቷን ማወቅ ያሻል። ሴቷ ክሽክሽ ለዓመቱ አብዛኛው ክፍል ወንድ አያስፈልጋትም። እንቁላል ሳትጥል ሕያው ልጆች ትወልዳለች፤ የሚወለዱትም ሁሉም ሴቶች፣ ሁሉም የእናታቸው ቅጂ ናቸው። በሆዷ ያለው ፅንስ ራሱ ሌላ ፅንስ መያዝ ጀምሯል፤ አያት፣ እናትና ልጅ በአንድ ቆዳ ውስጥ ይኖራሉ ማለት ነው። አየሩ ሞቅ ሲል አንዲት ልጅ ተወልዳ እሷም ለመውለድ ከአንድ ሳምንት ብዙም አይፈጅባትም። ቦታው ሲጠባቸው ወይም ተክሉ ሲደርቅ ክንፍ ያላቸው ይወለዱና በነፋስ ተጭነው ይሄዳሉ። እንግዲህ ከመቶ 99ኙን የገደለ ርጭት የተሳካ ይመስላል። የተረፈችው አንዷ ከሌሎቹ በአንድ ነገር የተለየች ከሆነች ግን ከወር በኋላ ማሳውን የሞላው የእሷ ቅጂ ነው። ከሞቱት አንዳቸውም ምንም አልለመዱም።

ስንዴን የሚያጠቁት ክሽክሾች ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ለዚህ ዳሰሳ አራቱ ይበቃሉ። አንዷ ከላይ ያየናት የሩሲያዋ ናት፤ ምራቋ ቅጠሉን ይመርዘዋል፣ ያስጠቀልለዋልም። ሁለተኛዋ በአሜሪካ ሜዳዎች ስንዴና ማሽላ ያወደመችው፣ እዚያ ግሪንበግ የሚሏት አረንጓዴ ክሽክሽ ናት። የተቀሩት ሁለቱ፣ ዛላው ላይ መስፈር የምትወደው የእንግሊዝ የእህል ክሽክሽና የአጃ ክሽክሽ፣ በመምጠጥ ከሚያደርሱት ጉዳት ይልቅ ተሸክመው በሚያዞሩት ቫይረስ ይፈራሉ። ቢጫ አቀጭጭ የሚባለው የገብስ ቫይረስ ስንዴውንም አጃውንም ይይዛል፤ የያዘውን ተክል ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለም።

ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። በተጠቀለለ ቅጠል ውስጥ የተቀመጠች ክሽክሽ አትሞትም፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። መድኃኒቱ አልደረሰባትም። ይህ መደበቅ እንጂ መቋቋም አይባልም። በእጽዋቱ ሥርና ጭማቂ ውስጥ የሚዘልቅ መድኃኒት ይገድላታል፤ ቅጠሉ ሳይጠቀለል በጊዜ የተረጨም ይገድላታል። በማሳ ላይ የሚሰማው «ለመደው» ትልቁ ክፍል ከዚህ ወይም ከዘገየ ርጭት፣ አፍንጫው ከተበላሸ ፓምፕ፣ ጊዜው ካለፈበት ጠርሙስ የሚመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ይህ ሳይጣራ ስለ ዘረመል መናገር ከንቱ ነው።

እውነተኛው መቋቋም ግን አለ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በቴክሳስ ማሽላና ስንዴ ላይ የነበረችው አረንጓዴ ክሽክሽ ለዓመታት የተመኩባቸውን የኦርጋኖፎስፌት መድኃኒቶች ማለፍ ጀመረች። ያም ሆኖ የእህል ክሽክሾች በዚህ ረገድ ከዘመዳቸው ከኮክና ድንች ክሽክሽ ጋር ሲነጻጸሩ ዘግይተዋል። ያቺ በጓሮ አትክልትና በፍራፍሬ ላይ ደጋግሞ ሲረጭባት የኖረች፣ ከኦርጋኖፎስፌት እስከ ኒዮኒኮቲኖይድ ያለውን መድኃኒት በየተራ ያለፈች ናት። ስንዴ ያን ያህል አይረጭም ነበር፤ መዘግየቱ ከክሽክሿ ደካማነት ሳይሆን ከእኛ እጅ መቆጠብ የመጣ ይመስለኛል።

ቆጣቢነቱ ያበቃበትን ቦታ በእንግሊዝ እናገኘዋለን። በ2011 እዚያ በእህል ክሽክሽ ላይ አንዲት ትንሽ ለውጥ ተገኘች። ፓይረትሮይድ የሚባለው የመድኃኒት ቤተሰብ የሚገድለው በነርቭ ላይ ያለውን የሶዲየም በር ክፍት አድርጎ በማስቀረት ነው፤ ነፍሳቷ ተንቀጥቅጣ ትወድቃለች። በተለወጡት ክሽክሾች ላይ ከበሩ ፕሮቲን አንዲት ቅንጣት፣ ሉሲን የነበረችው፣ ፊኒልአላኒን ሆናለች። መድኃኒቱ እንደ ቀድሞው አይዘውም። እስካሁን የተገኙት ከሁለቱ የዘረመል ቅጂዎች አንዱን ብቻ የተለወጠ የያዙ ናቸውና መቋቋሙ ከፊል ነው፤ በሙሉ መጠን ቢረጩ ብዙዎቹ ይሞታሉ፣ በተቀነሰ መጠን ግን ያልፋሉ። ለዚህም ነው እዚያ ለገበሬው የሚሰጠው ምክር መለያው ላይ የተጻፈውን ሙሉ መጠን አንድ ጊዜ ተጠቀም፣ ክሽክሽ ካየህ ከዚያው ቤተሰብ አትድገም የሚል የሆነው። ያቺ የተለወጠች ዘር የአንድ እናት ቅጂ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ያለ ወንድ እየወለደች ከእንግሊዝ አልፋ በስኮትላንድና በአየርላንድ ተገኝታለች።

ቀጥሎ በ2018 የአውሮፓ ኅብረት ሦስት የኒዮኒኮቲኖይድ መድኃኒቶች ከቤት ውጭ እንዳይሠራባቸው ከለከለ። ንብ ይገድላሉ በሚል ነው፤ ክልከላው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። በውጤቱ ግን በዘር ላይ ይታሽ የነበረው መከላከያ ጠፍቶ ገበሬው በፓይረትሮይድ ላይ ብቻ ቀረ። አንድ መሣሪያ ብቻ የያዘ ሰው ያንኑ መሣሪያ ይደጋግማል፤ ድግግሞሹ ደግሞ የተለወጠችዋን ይመርጣል። በቻይና የስንዴ ማሳዎችም የአጃ ክሽክሽ በዚያው የሶዲየም በር ላይ በመጣ ለውጥ ፓይረትሮይድን መቋቋም ጀምራለች።

በ2020 የስኮትላንድና የአየርላንድ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሥራ ግን ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ይዟል። የተለወጠችዋን ክሽክሽ ካልተለወጡት ጋር አስተያይተው እጯ በክሽክሽ ሰውነት ውስጥ ለሚያድግ፣ አፊዲየስ ኤርቪ ለተባለች ጥገኛ ተርብ አቀረቧቸው። መድኃኒት የምትቋቋመዋ ለተርቧ ይበልጥ ተጋላጭ ሆና ተገኘች። መቋቋም ዋጋ አለው፤ ክሽክሿ ያንን ዋጋ በሌላ በኩል ትከፍላለች። ዋጋውን የምትሰበስበው ተርቧ ናት። ተርቧን ደግሞ እኛ በዚያው ርጭት እንገድላታለን፤ ያውም እሷ ቅጂ አትወልድም፣ የሞተችውን ለመተካት ጊዜ ይፈጅባታል። ስለዚህ መጠን መጨመርና መደጋገም የሚያደርገው ነገር ይህ ነው፦ ለመድኃኒቱ የማትበገረዋን ክሽክሽ ከተፈጥሮ አስጨናቂዋ ያሳርፋታል።

ከመድኃኒት ሌላ ያለው መንገድ ዝርያ ነው። ስንዴው ራሱ እንዲመክት ማድረግ ማለት ነው። አሜሪካዊው ሬጂናልድ ፔይንተር በ1951 ባሳተመው መጽሐፉ ተክል ተባይን የሚመክትበትን መንገድ ሲለይ፣ አንዱ ተክል ተባዩ አይወደውም፣ ሌላው ይጎዳዋል፣ ሌላው ደግሞ ተባዩን ችሎ ይኖራል አለ። ይህ የመጨረሻው፣ ችሎ መኖር፣ ብዙ ጊዜ ችላ ተብሏል። ተባዩን የማይገድል በመሆኑ ለእይታ አይማርክም። ተባዩን ስለማይገድል ደግሞ የተለየችዋን አይመርጥም፤ ለዘለቄታው የሚበጀው እሱ ይመስለኛል።

የኮሎራዶን ታሪክ ረዘም አድርጌ ልናገረው፤ ትምህርቱ እዚያ ነውና። የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ በ1978 በደቡብ አፍሪካ፣ በ1980 በሜክሲኮ፣ በ1986 በቴክሳስ ታየች። ከቴክሳስ ተነስታ የምዕራብ አሜሪካን ስንዴ አዳረሰችው፤ እስከ 1993 በነበሩት ጥቂት ዓመታት ያደረሰችው ኪሳራ ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። አዳቃዮቹ ወደ ዘር ባንክ ሮጡ። ክሽክሿ በተወለደችበት አካባቢ ከእሷ ጋር የኖረ ስንዴ መከላከያ ይኖረዋል ብለው ነበር፤ ትክክል ነበሩ። ከኢራን፣ ከቡልጋሪያ፣ ከማዕከላዊ እስያ የተሰበሰቡ የቆዩ ዘሮች መከላከያ ዘረመል ይዘው ተገኙ። ከነዚህ አንዱን፣ ዲኤን4 የተባለውን፣ የያዘ «ሃልት» የተባለ ዝርያ በ1994 በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተለቀቀ። ቃሉ በእንግሊዝኛ «ቁም» ማለት ነው። ዝርያው ቅጠሉ አይጠቀለልም፤ ክሽክሿ መደበቂያ ታጣለች። ተከታዮቹም ዝርያዎች በዚሁ አንድ ዘረመል ላይ ተገነቡ። ገበሬው ፓምፑን አስቀመጠ።

በ2003 በደቡብ ምሥራቅ ኮሎራዶ ሃልት ራሱ ተጠቅልሎ ተገኘ። በዓይን ከፊተኛዋ የማትለይ፣ ዲኤን4ን ግን የምታልፍ አዲስ ዓይነት ክሽክሽ መጥታለች። በቤተ ሙከራ ሲፈትሿት አብዛኞቹን የታወቁ መከላከያዎች አለፈቻቸው። ሳይበገር የቀረው ዲኤን7 ነበር፤ እሱ ደግሞ ከራይ፣ ከስንዴ ዘመድ፣ ወደ ስንዴ የተሻገረ ነው። ከዘረመሉ ጋር ተያይዞ የሚመጣው የራይ ቁራጭ ሊጡን የሚያጣብቅ፣ ለዳቦ የማይመች ያደርገዋል። ገበሬው የሚወደውን ጋጋሪው የማይቀበለው ሆነ። ደቡብ አፍሪካም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከኢራን በመጣ ዘረመል የመከላከያ ዝርያ አሰራጭታ በ2005 ያንኑ ሰበራ አየች፤ ከዚያ ወዲህም ሌሎች አዳዲስ ዓይነቶች ተከታትለዋል። ያውም በደቡብ አፍሪካ የምትኖረው ያለ ወንድ የምትራባ ናት።

ታዲያ አዲሲቷ ዓይነት ከየት መጣች? የተለመደው መልስ ዝርያው ፈጠራት የሚል ነው። በ1997 አምስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የአረንጓዴ ክሽክሽን የ50 ዓመት ታሪክ አገላብጠው ሌላ ነገር አሉ። የመከላከያ ስንዴ መዘራትና የአዳዲስ ዓይነቶች መምጣት እንደሚወራው አይገጣጠሙም፤ ብዙዎቹ ዓይነቶች በዱር ሣር ላይ ቀድመው ይኖሩ ነበር። ይህ ለገበሬ ምን ይለውጣል የሚል ካለ፣ ብዙ ይለውጣል እላለሁ። ዝርያውን የምትሰብረው ክሽክሽ ዝርያው ከመለቀቁ በፊት በማሳው ድንበር ሣር ላይ ተቀምጣ ከነበረ፣ አንዱን ዘረመል በሰፊ አገር ላይ ብቻውን መዝራት ለዚያች ለተቀመጠችው ማዕድ መዘርጋት ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ቁብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያ በ2010 በቢጫ ዋግ እንዴት እንደወደቀ፣ እሱን የተካው ዲገሉ በ2013 በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ እንዴት እንደተመታ ያየ ገበሬ ሃልት ምን እንደደረሰበት ሳይነገረው ይገባዋል። ፈንገስና ነፍሳት ይለያያሉ፤ በአንድ ዘረመል ላይ የተደገፈ ሰፊ ማሳ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

እውነተኛ «መልመድ» የታየበት አንድ ቦታ አለ። ክሽክሽ ስትያዝ ለጎረቤቶቿ የምትለቀው የማስጠንቀቂያ ሽታ አላት፤ ያንን የሸተቱ ምግባቸውን ጥለው ይወድቃሉ፣ ይሸሻሉ። በእንግሊዝ የሮታምስቴድ የምርምር ተቋም ስንዴው ራሱ ይህን ሽታ እንዲያወጣ አድርጎ በ2012 እና በ2013 በማሳ ላይ ሞከረው። የዘረመል ለውጥን የሚቃወሙ ሰዎች ማሳውን እንነቅላለን ብለው ስለዛቱ ለአጥርና ለጥበቃ የወጣው ገንዘብ ከምርምሩ ወጪ በለጠ። በ2015 ውጤቱ ሲታተም ስንዴው በቤተ ሙከራ ክሽክሽ ሲያባርር ማሳ ላይ ግን ልዩነት አላመጣም ነበር። ተመራማሪዎቹ ውድቀቱን ሳይሸሽጉ አሳትመውታል፤ አከብራቸዋለሁ። አንዱ ማብራሪያ ሽታው ሳያቋርጥ መውጣቱ ነው። በተፈጥሮ ሽታው ድንገት ይመጣል፣ ይጠፋልም፤ ቀን ከሌት የሚጮህን እረኛ ማን ይሰማዋል? ቀደም ሲል በኮክና ድንች ክሽክሽ ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ ሽታውን የለመዱት ክሽክሾች በሰላም ጊዜ ብዙ ሲወልዱ፣ ጥንዚዛ ሲለቀቅባቸው ግን ቶሎ እንደሚበሉ አሳይቷል። እዚህም ሒሳቡን የሚዘጋው የተፈጥሮ ጠላት ነው።

ስለ ተፈጥሮ ጠላት ሲነሳ ቺሊን መዝለል አይቻልም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከአውሮፓ የመጡ ክሽክሾች የቺሊን ስንዴ ወረሩ፤ በ1975 ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ በአውሮፕላን ተረጨ። በቀጣዩ ዓመት መንግሥት መንገድ ቀየረ። ከተለያዩ አገሮች ጥንዚዛዎችና ጥገኛ ተርቦች አስመጥቶ፣ ተርቦቹን በሚሊዮን አርብቶ ለቀቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክሽክሹ ሳይጠፋ፣ ለርጭት ከሚያበቃ ቁጥር በታች ወረደ። ክሽክሽ ተርብንም የምትከላከልበት መንገድ አይጠፋትም። በአተር ክሽክሽ ሰውነት ውስጥ የሚኖር ሃሚልቶኔላ የሚባል ባክቴሪያ የተርቧን እጭ እንደሚገድል በ2000ዎቹ መጀመሪያ ታውቋል። ነገር ግን ተርብም ትለወጣለች፤ ጠርሙስ ውስጥ ያለ መድኃኒት አይለወጥም።

አሁን ወደ አገራችን። የሩሲያዋ ክሽክሽ በሰሜን ኢትዮጵያ የገብስ ማሳዎች ላይ የተመዘገበችው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከአሜሪካ በፊት መሆኑ ነው። በትግራይ፣ በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋ ዝናብ ባጠረ ዓመት ገብሱን ታስጠቀልለዋለች፤ ዛላው ከጥቅሉ መውጣት አቅቶት እንደ ማጭድ ቆልመም ይላል። ስንዴያችን እስካሁን ከክሽክሽ ይልቅ በዋግ ሲፈተን ኖሯል፤ ስለዚህ ርጭታችንም ያተኮረው በፈንገስና በአረም ላይ ነው። ይህ ዕድል ነው፤ አሁን ግን ሁለት ነገሮች እየተቀየሩ ነው። ከ2019 ጀምሮ በስፋት የተያዘው የበጋ መስኖ ስንዴ፣ ድሮ ማሳው ባዶ በሚሆንበት ደረቅ ወራት ለክሽክሽ ለምለም ማረፊያ ሰጥቷታል፤ ከመኸር ወደ በጋ፣ ከበጋ ወደ በልግ የምትሻገርበት ድልድይ አገኘች ማለት ነው። ደረቅና ሞቃት አየርም የምትወደው ነው። ሁለተኛው የኩታ ገጠም እርሻ ነው። ለትራክተርና ለኮምባይነር፣ ለገበያም ይጠቅማል፤ ጥቅሙን አልክድም። ነገር ግን አንድ ዝርያ ድንበር ለድንበር ተገጥሞ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ተዘርቶ፣ ሁሉም ከአንድ ሱቅ የመጣ አንድ መድኃኒት ሲረጭ፣ ኮሎራዶና እንግሊዝ በየፊናቸው የሠሩትን ስህተት በአንድ ማሳ ላይ እናገናኘዋለን።

ሊደረግ የሚችለው ትልቅ ወጪ አይጠይቅም። በኩታ ገጠሙ ውስጥ ሁለት ሦስት ዝርያ ማፈራረቅ ይቻላል፤ የትግራይ ገበሬ ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ ሀንፈጽ ብሎ የሚዘራው አንድ ዘር ላይ ላለመተማመን ነው። ዩሪያ የበዛበት ለስላሳ ስንዴ ክሽክሽ ያወፍራል፤ መጠኑን መጠበቅ ይበጃል። የማሳው ድንበር ሣር እስከ ሥሩ ባይታጨድ የክሽክሽ በላተኛ ጥንዚዛዎች መጠለያ ያገኛሉ፤ እንግሊዞች በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰፋፊ ማሳዎቻቸው መካከል አፈር ቆልለው ሣር የዘሩት እኛ ያለንን ድንበር እነሱ አርሰው ስለጨረሱት ነው። በሆለታ፣ በቁሉምሳና በሲናና የምርምር ማዕከላት ለዋግ የሚፈተኑት የስንዴ መስመሮች ክሽክሽን ችለው ስለመኖራቸውም ቢታዩ ምኞቴ ነው።

ርጭት የግድ ሲሆንም ቆጥሮ ነው። እንግሊዝ አገር በበጋ ወራት ስንዴው ከማበቡ በፊት ከአገዳዎቹ ግማሹ፣ ካበበ በኋላ ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ክሽክሽ ካልያዘ አይረጩም። ቁጥሩ የእነሱ ነው፤ ለእኛ ማሳና ለእኛ ክሽክሽ የራሳችን ቁጥር መሠራት አለበት። አቆጣጠሩን ግን ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል። ማሳውን በሰያፍ እያቋረጡ 50 አገዳ ማየት፣ ክሽክሽ ያለበትን መመዝገብ፣ ከዚያ በክሽክሾቹ መካከል ያበጠ፣ የማይንቀሳቀስ፣ ቀለሙ ብራና የመሰለ ቅርፊት መፈለግ። ያ ተርቧ የገባችበት ክሽክሽ ነው። ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ካለው ተርቧ ወጥታ ማሳው ውስጥ እየዞረች ነው። ቀዳዳ ከሌለው ገና ውስጥ ናት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትወጣለች።